ከአባ ጅፋር ዙፋን እስከ ሸክላ ሠሪዋ ግቢ፦ የጅማን የአንድ ቀን ጉብኝት እንዴት አገኘሁት

የጅማን ከተማና የዙሪያዋን ቅርሶች በአንድ ቀን አዟዙሮ የሚያሳይ ጉብኝት ላይ ከአክስቴ ጋር ተሳትፌ ነበር። የአዘጋጁን ስም አላነሣም፤ ምስጋናዬም ሆነ ነቀፋዬ ይህንኑ መስመር ይዘው ለሚሠሩት ለሌሎቹም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ፍርዴን በቅድሚያ ላስቀምጥ፦ ጉብኝቱ ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም፣ አስጎብኚውም ሥራውን የሚያከብር ወጣት ነው፤ የቀኑ ሰዓት ግን ክፉኛ ተዛብቶ ተከፋፍሏል። ለንጉሡ ዕቃና ለንጉሡ ቤት ከግማሽ ቀን በላይ ይሰጣል። ዛሬም ጭቃ እያቦኩ የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች ግን ወደ ማታ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ሰዓቱን በሚያይበት ጊዜ፣ ለቁም ሰላምታ ያህል ታይተው ይታለፋሉ።

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። አክስቴ ከደሴ ነው የመጣችው። ሰባን የተሻገረች፣ ጉልበቷ ያልከዳት፣ የጠየቀችው ነገር በወጉ ሳይመለስላት ከቦታዋ የማትነቃነቅ ሴት ናት። ይህንን የምጽፈው ግማሹን በእሷ ዓይን ስላየሁት ነው።

ጉዞው ከጅማ ሙዚየም ይጀምራል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ዙፋንና የግል መገልገያዎቻቸው፣ ከእንጨት የተሠራው የመጸዳጃ መቀመጫቸው ሳይቀር፣ እዚህ ይታያሉ። ንጉሡ ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር በጅማ ያልሰማ ሕፃን የለም፤ ዕቃቸው ፊት ቆሞ ያንን ወሬ ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚያችን ጥሩ ዓይን አለው። ብዙዎች ዙፋኑን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥተው ሊያልፉ ሲሉ፣ እርሱ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎቹ ፊት አቆመን። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ መሆናቸውን፣ መጋጠሚያም ምስማርም እንደሌላቸው በእጅ መብራቱ ከሥር እያበራ አሳየን። የጠራቢው መሮ ያለፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ እዚህ አምጥቼ ያንን መስመር አላሳየኋቸውም ነበር፤ ከእንግዲህ አሳያቸዋለሁ።

አክስቴ ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ «ልጄ፣ እንጨቱን አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ። የንጉሡ ወጥ የተሠራው፣ ቡናቸው የፈላው፣ ብርዛቸው የተቀመጠው በምንድን ነው? ስለ ሸክላው እኮ አንድም ቃል አልነገርከንም» አለችው።

«እማማ፣ ሸክላውን ከሰዓት በኋላ እናየዋለን» አላት።

ሙዚየሙ ውስጥ ለጥያቄዋ ያገኘችው መልስ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወደ ጅሬን ወጣን። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዳገቱን ወጥተው ሲያበቁ የጅማ ሜዳ በሙሉ ከእግር ሥር ይዘረጋል። አገሩን ለማያውቅ እንግዳ ንጉሡ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከታች ህርማታ ገበያ፣ በዙሪያው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ፤ ሁሉም ከላይ ሆነው የሚጠብቁት ሀብት ነበር። ጅማ ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ከሚባሉት አንዷ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ከሃምሳ ዓመት በላይ ነግሠውባታል። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገፋ መዋጋቱን ትተው ዓመታዊ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በዚህም ጎረቤቶቻቸው ያጡትን የውስጥ አስተዳደር እርሳቸው እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ድረስ አቆዩት። አስጎብኚው ይህንን ያለ ማጋነን፣ ያለ ፉከራ ተናገረ።

ባለ ፎቁ የእንጨት ቤት አሁንም ልብ ይሰርቃል። ሰገነቱ፣ የተጠረቡት ምሰሶዎች፣ ሰፋፊዎቹ በሮች አንድ ሙሉ ጠዋት ይፈልጋሉ። ከጊዜ በኋላ የገባውን ጣውላ ከጥንቱ መለየት ለሚፈልግ ሰው አስጎብኚያችን ዘዴውን አስተምሯል፦ ጥንታዊው በጠራቢ እጅ የተላገ ስለሆነ መዳፍ ሲያልፍበት ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፤ በማሽን የተላገው ቀጥ ያለ ነው። መስጊዱም እዚያው አቅራቢያ ነው፤ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ድምፃችንን ቀንሰን ወደ ሌላው ወገን ዞር አልን፤ አስጎብኚው ይህንን ሳይጠየቅ ማድረጉን ወድጄለታለሁ።

እዚያው ሰገነቱ ሥር ቆመን ሳለ ከቡድናችን አንድ ወጣት፣ «ህርማታ ላይ ባሪያ ይሸጥ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀ። አስጎብኚዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባቸው ወሬ ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህኛው አልቀየረም። «እውነት ነው» አለ። «ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ንጉሡም ከዚያ ንግድ ተጠቅመዋል። ይህንን ቤት እያደነቅን ያንንም ማወቅ አለብን።» ከዚያ ባርነት በአገራችን በ1942 እ.ኤ.አ. በሕግ እስከተሻረ ድረስ ምን ያህል ዘመን እንደቆየ ጥቂት አብራራ። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ለጉብኝቱ የከፈልኩት ገንዘብ በዚያ መልስ ብቻ ተመልሶልኛል ማለት እችላለሁ።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይጀምራል። ቡድኑ ከመጠን በላይ በዝቷል። ከኋላ የቆመ ሰው አስጎብኚውን አይሰማም፤ ከፊት ያሉት ፎቶግራፍ ሲነሡ የቀሩት ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። ጅሬን ላይ የባከነው ጊዜ ተጠራቅሞ ምሳውን አዘገየው፤ ምሳውም በተራው ዘግይቶ ቀረበ። እንጨት ጠራቢዎቹ ዘንድ ስንደርስ ቀኑ ጋድሏል። እነርሱ ዘንድ የሚሸጠው በርጩማ ጥሩ ነው፤ የዋንዛውን ቀለም በደንብ አይታችሁ፣ እግሩ ላይ ስንጥቅ እንደሌለ አረጋግጣችሁ ግዙ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ያሉት ከከተማው ዳር፣ መኪናው ከሚቆምበት በእግር ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። አስጎብኚው፣ «ዝናብ ሳይቀድመን ፎቶግራፍ አንሡና እንመለስ» አለ። አንዲት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ልጇ አጠገቧ አፈር ትነፋለች። ከቤቱ ጥላ ሥር አንገት ያልወጣላቸው ጀበናዎች ተደርድረዋል። ሰዎቹ ፎቶግራፋቸውን አነሡ። አንዳንዶቹ ሴትዮዋን ሳያስፈቅዱ ፊቷ ድረስ ቀርበው አነሡ፤ ይህ በፍጹም መሆን አልነበረበትም፤ አስጎብኚው ገና ከመኪና ሳንወርድ ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ «ገና መጣሁ እኮ» ብላ ሴትዮዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አስጎብኚው እኔን አየኝ፤ እኔም በባጃጅ እንደምንመለስ ነገርኩት። ቡድኑ ሄደ፣ እኛ ቀረን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በጉብኝቱ ክፍያ ውስጥ ያልነበረውን ነው፤ መኖር ግን ነበረበት።

ሴትዮዋ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ለአክስቴ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። የጀበና ሆድ ቀድሞ ተሠርቶ ጥላ ሥር ትንሽ ጠጠር እስኪል ይተዋል። በጣም ከደረቀ አንገቱን አይቀበልም፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የአንገቱን ክብደት አይሸከምም፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። መድረሱን የምታውቀው የአውራ ጣቷን ሆድ ትከሻው ላይ ጫን አድርጋ ነው፤ ምልክት ከተወ አልደረሰም፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የደረሰውን አንሥታ አፉን በውኃ አርሳ በጥፍሯ ጫረችው፤ አዲሱ ጭቃ እንዲይዝ ነው። ከዚያ በሁለት መዳፏ መካከል ጭቃ አድቦልቡላ እንደ ገመድ አረዘመችና አፉ ላይ ዙሪያውን ጠመጠመችው። መንኮራኩር የሚባል ነገር የለም። ጀበናው የተቀመጠው ሰፊ ገል ላይ ነው፤ በግራ እጇ ገሉን ቀስ እያደረገች ታዞራለች፣ በቀኟ በረጠበ የቅል ስባሪ ትልሳለች። አንገቱ ዓይናችን እያየ ቆመ። ስፋቱን የለካችበት መሣሪያ አላየሁም፤ የተደረደሩት ጀበናዎች አንገት ግን እኩል ነው።

አፈሩም እንዲሁ የሚገኝ አይደለም። ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ልጅቷ የምትነፋው ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ተሰብሮ የተመለሰ ምጣድ መሆኑን ነገረችኝ። አሮጌው ገል ተወቅጦ ከአዲሱ አፈር ጋር ይቦካል፤ እርሱ ያልገባበት ዕቃ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። በየቤታችን ገል እየሰበሰብን ስንጥል ለእነርሱ ጥሬ ዕቃ መሆኑን አስበን አናውቅም።

ሸክላው በሜዳ ላይ ነው የሚተኮሰው። እንጨትና ጭድ ይደረደርና፣ ዕቃዎቹ እርጥበታቸው እንዲወጣ መጀመሪያ ከእሳቱ ዳር ዳር ይሞቃሉ። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው፤ በልግ ገብቶ ክረምት እስኪወጣ ድረስ ሰማዩ አይታመንም። «ዝናብ ከመጣ አንድ ሳምንት የሠራሁት ይፈነዳል» አለችን። ድምፁ ቤት ውስጥ ሆና እንደሚሰማትና በድምፁ ብቻ ምጣድ ይሁን ጀበና እንደምትለይም ነገረችን። ይህንን ስትናገር እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

ከተተኮሱት መካከል አክስቴ አንድ ጀበና መረጠች። ሴትዮዋ ግን ከእጇ ተቀበለቻትና በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገችው፤ ድምፁ ድፍን አለ። መልሳ አስቀመጠችውና ሌላ አንሥታ መታችው፤ ይህኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ላይ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ አልነበረውም፤ አክስቴ ልትከፍልበት ገንዘቧን አውጥታ ነበር። ሴትዮዋ መሸጥ እየቻለች አልሸጠችውም።

ከዚያ ስለ ማሟሸት ክርክር ተነሣ። አክስቴ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ተናገረች፣ ሴትዮዋም ተስማማች። ጀበናው ላይ ግን አልተግባቡም። አክስቴ ውኃ ብቻ ደጋግሞ ማፍላት ይበቃል አለች። ሴትዮዋ በቡና አተላ ደጋግሞ መፍላት አለበት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ ቡናዎች አፈር አፈር ይላሉ ብላ ጸናች። እኔ በሁለቱ መካከል ቃል ሳቀብል ቆየሁ። በመጨረሻ አክስቴ፣ «ይሁን እህቴ፣ ያበጀሽው አንቺ ነሽ» አለቻት።

ጉብኝቱ ሳይናገረው ያለፈው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ ለብዙ ዘመን ከሌላው ሕዝብ ተለይቶ እንዲኖር የተደረገ ሰው ነው፤ ከእርሱ ጋር መጋባት ነውር፣ አብሮ መብላት ነውር ነበር። በጅማ ነገሥታት ዘመንም እንዲሁ ነበር። አክስቴ፣ «በእኛም አገር ጠይብ፣ ቡዳ እያልን አይደል ያራቅናቸው» አለች፤ ይህንን ግን አላስተረጎምኩም። ሴትዮዋ ራሷ አነሣችው። «ምጣዴን ገዝተው እንጀራ ይጋግሩበታል፤ ያንን እንጀራ ግን ከእኔ ጋር አይቆርሱም ነበር። አሁን ተሻሽሏል። ልጄ ትምህርት ቤት ከሁሉም ጋር ነው የምትበላው። ለጋብቻ ሲሆን ግን አሁንም ይጠይቃሉ።»

አስጎብኚው ስለ ባሪያ ንግዱ በድፍረት የተናገረ ሰው ነው፤ ይህንንም መናገር አያቅተውም። ጊዜ ስላልተሰጠው ብቻ ቀረ። የንጉሡ ቤት ያለ ማዕድ ቤት አልቆመም፤ ማዕድ ቤቱም ያለ እነዚህ ሴቶች እጅ አልተሟላም። ሙዚየም ውስጥ አክስቴ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ከዚህ ቢጀምር ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዝ ነበር።

የገንዘቡንም ነገር ጠየቅሁ። ጎብኚ ከገዛ ሴትዮዋ ትጠቀማለች፤ ካልገዛ ምንም አይደርሳትም። ሥራዋን አቋርጣ የምታሳየው፣ ግቢዋን የምትከፍተው በነጻ ነው ማለት ነው። ለሙዚየም መግቢያ እየከፈልን ለእሷ ምንም አለመክፈላችን ከልቤ አሳዝኖኛል። አዘጋጆቹ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ክፍያ ላይ ቁርጥ ያለ ድርሻ ለባለ ግቢዋ መስጠት አለባቸው፤ ይህንን ለአስጎብኚው ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ እንደሚነጋገሩበት ነግሮኛል።

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት በማስተምርበት ጊዜ ሁልጊዜ የማነሣት አንዲት የእንግሊዝ ከተማ አለች፤ ስቶክ ኦን ትሬንት ትባላለች። ጆሳያ ዌጅውድ በ1759 እ.ኤ.አ. ፋብሪካውን ያቋቋመባት፣ ስሟም ኑሮዋም ከሸክላ ጋር የተቆራኘ ከተማ ናት። በአንድ ወቅት ጠርሙስ የሚመስሉ ከ2000 በላይ የጡብ ምድጃዎች ሰማይዋን በድንጋይ ከሰል ጭስ ይሸፍኑት ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. የአየር ንጽሕና ሕግ ከወጣ በኋላ ሥራ አቆሙ፤ ዛሬ የቀሩት ከ50 ያንሳሉ። ሰዎቹ ግን የቀሩትን እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቃሉ። ሎንግተን በሚባለው ሰፈር ግላድስቶን የተባለው አሮጌ ፋብሪካ ሙዚየም ሆኖ፣ ጎብኚው የሸክላ አሠራሩን በዓይኑ ያያል፣ ራሱም ጭቃ ነክቶ ይሞክራል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በመላ እንግሊዝ በየዓመቱ መስከረም ላይ የቅርስ ቤቶች በነጻ ለሕዝብ የሚከፈቱባቸው ቀናት አሉ። በሌላ ጊዜ ተዘግተው የሚውሉ በሮች ሳይቀሩ ይከፈታሉ፤ ያገሬው ሰው ሠፈሩን እንደ አዲስ ያያል።

ጅማ ይህ ያስፈልጋታል። የእኛ ሸክላ ሠሪ እኮ ሙዚየም ውስጥ በትዕይንት መልክ የምትቀርብ አይደለችም፤ የነገ ገበያዋን እየሠራች ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ጅሬን፣ ሙዚየሙ፣ የጠራቢዎቹና የሸክላ ሠሪዎቹ ግቢ ለከተማው ነዋሪ፣ በተለይ ለተማሪዎች፣ ያለ ክፍያ ቢከፈት፣ የባለ ግቢዎቹን የቀን ገቢ ደግሞ አዘጋጁ ቢሸፍን፣ ብዙ የሚለወጥ ነገር አለ። የዓለም ቱሪዝም ቀን የሚውለው ሴፕቴምበር 27 ነው፤ እሱ ለእኛ ከመስቀል በዓል ጋር ይጋጫል፣ ጭቃውም ገና አልደረቀም። ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ይሻላል። ዝናቡ ይቆማል፣ ቡና ይለቀማል፣ ሸክላውም ያለ ሥጋት ይተኮሳል። ክፍሌ ውስጥ የጅማ ልጆች ሆነው ጅሬንን ያላዩ ተማሪዎች አሉ። የሚጋገርላቸው ምጣድ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ደግሞ ይበልጣሉ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ስትመዘገቡ የቡድኑን ብዛት ጠይቁ፤ አነስ ያለ ቡድን እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል። ሸክላ ሠሪዎቹን በጠዋት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እኔ በኋላ ለትምህርት ቤታችን ስጠይቅ አስጎብኚው ሳያንገራግር እሺ ብሎኛል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሸክላ ሠሪዎቹን ግቢያቸው ላታገኟቸው ትችላላችሁ፤ ሌላ ቀን ምረጡ። ከበልግ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ የሚወርደው መንገድ ለሽማግሌ ያስቸግራል፣ አክስቴን ደግፌ ነው ያወረድኳት። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ዋጋ ስትከራከሩም ከአፈሩ ጉድጓድ እስከ እሳቱ ያለውን ድካም አስቡ፤ የተጠየቅነው ከተማ ውስጥ ካለው ዋጋ ብዙ የሚያንስ ስለነበር አክስቴ ያለ አንዳች ክርክር ከፍላለች።

ምጣድ ገዝታችሁ በአውቶቡስ የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ሴትዮዋ ጭድ አድርጋ በኬሻ እንድትጠቀልልላችሁ ጠይቋት፤ ከእናንተ የተሻለ ታውቅበታለች። መናኸሪያ ስትደርሱ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢል እንዳትፈቅዱ። ከወንበራችሁ ሥር፣ በጎኑ አቁማችሁ፣ በልብስ ደግፋችሁ ያዙት። የአክስቴ ምጣድም ጀበናም እንዲህ ተይዘው ደሴ በደኅና ገብተዋል፤ ጀበናውንም በቡና አተላ እያሟሸችው እንደሆነ በስልክ ነግራኛለች።